ሲጋር ባር ልከፍት ብዬ መሃል ላይ ቆሜአለሁ

ሰላም ወገኖች። የምኖረው ዋሽንግተን ዲሲ ነው። 11 ዓመት ታክሲ ነድቻለሁ። ንግድ ላይ ግን ጀማሪ ነኝ፤ ልጅ ሆኜ የእናቴን ሱቅ ከመጠበቅ ሌላ የማውቀው የለም።

ሲጋሩን፣ ማለቴ ከትምባሆ ቅጠል የሚጠቀለለውን ወፍራሙን፣ በደንብ አውቀዋለሁ። የሚቀመጥበት ቦታ የአየር እርጥበት ከ65 እስከ 70 በመቶ ካልሆነ ወይ ይደርቃል ወይ ይሻግታል። ያሰረኝ ሕጉ ነው። ዲሲ ባር ውስጥ ማጨስ ክልክል ነው፤ ከዓመት ገቢው ቢያንስ 10 በመቶውን ከትምባሆ ለሚያገኝ ቤት ግን ይፈቀዳል። ታዲያ ገና ያልተከፈተ ቤት ገቢውን በምን ያሳያል?

አከራዩ ደግሞ የ5 ዓመት ውል ፈርም እያለ ይወተውተኛል። ባለቤቴ «አብደሃል?» ብላኛለች፤ እውነቷን ሳይሆን አይቀርም። መጀመሪያ ጠበቃ ልያዝ ወይስ ሒሳብ አዋቂ? ወይስ ጥቂት ወር ሰው ቤት ተቀጥሬ ልማር? የሞከራችሁት ካላችሁ እባካችሁ መላ በሉኝ።