የቱርክ ጎልማሶች የራስ እንክብካቤ ዳሰሳ፦ በጋራ ዕቅዳችን ረቂቅ ላይ የቀረበ ውይይት

ሰብሳቢ፦ የተከበራችሁ አባላት፣ በቱርክ ጎልማሶች ዘንድ የራስ እንክብካቤን፣ ማለትም ሰው የራሱን ጤና ለመጠበቅ የሚያደርገውን፣ ለመለካት የምናቀርበው ዕቅድ የመጀመሪያ ረቂቅ፣ ተሳታፊዎችን ከቤተሰብ ጤና ማዕከላት መርጦ በመጠይቅ ብቻ ለመሥራት ያስባል። እ.ኤ.አ. በ2005 በዱዝጄ በሙከራ ተጀምሮ በ2010 መላ አገሪቱን ያዳረሰው የቤተሰብ ሐኪም አሠራር ነዋሪውን በየሐኪሙ ስለመዘገበ፣ ሰዎቹን ማግኘት አያስቸግርም። አስተያየታችሁን በግልጽ እንድትጽፉ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

የነርሲንግ ባለሙያ፦ ኪርኒ እና ፍላይሸር በ1979 በአሜሪካዊቷ ነርስ በኦረም የራስ እንክብካቤ ንድፈ ሐሳብ ላይ ተመሥርተው ያዘጋጁትንና ወደ ቱርክኛ የተመለሰውን የራስ እንክብካቤ አቅም መለኪያ እንድንይዝ እደግፋለሁ። የቱርክኛው ቅጂ 35 ጥያቄዎች አሉት፤ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 4 ስለሚሰጠው ከፍተኛው ውጤት 140 ነው። ይሁን እንጂ መለኪያው የሚነግረን ሰው ስለ ራሱ ያለውን ግምት እንጂ የደም ግፊቱን አይደለም።

የኤፒዲሚዮሎጂ ባለሙያ፦ የእኅታችን የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር የዕቅዱ ዋና ሐሳብ ሊሆን ይገባል። በ2010 ዕድሜያቸው 20 እና ከዚያ በላይ የሆኑ 26,499 ሰዎችን የመረመረው ቱርዴፕ ሁለት የተባለው የቱርክ የስኳር ሕመም ጥናት በ16.5 በመቶዎቹ ላይ የስኳር ሕመም ሲያገኝ፣ ከተመረመሩት ሁሉ 7.5 በመቶ የሚሆኑት ሕመማቸውን ያወቁት በዚያው ምርመራ ነበር። ቀደም ብለን «የስኳር ሕመም አለብዎ?» ብንላቸው ኖሮ በቅንነት «የለብኝም» ይሉን ነበር፤ በራስ እንክብካቤ መጠይቁም ላይ ጥሩ ነጥብ ሊያገኙ ይችሉ ነበር። ውፍረትን ብናይ፣ በቱርዴፕ ሁለት በተመዘኑት ዘንድ 36 በመቶ ሲሆን፣ ሰዎች ክብደታቸውንና ቁመታቸውን ራሳቸው በተናገሩበት የቱርክ ስታቲስቲክስ ተቋም የ2019 ዳሰሳ ግን 21.1 በመቶ ነው።

የስታቲስቲክስ ባለሙያ፦ የውፍረቱን ንጽጽር በጥንቃቄ እንድንጽፈው አሳስባለሁ፤ የተቋሙ ዳሰሳ ከ15 ዓመት ጀምሮ ያሉትን ስለሚያካትትና ዓመቱም ስለሚለያይ፣ ልዩነቱን ሁሉ በራስ ቃል መታመን ያመጣው ነው ማለት አንችልም። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ናሙናው ነው። ወደ ጤና ማዕከል በፈቃዱ የሚሄድ ሰው ራሱን መንከባከብ የጀመረ ነው፤ ፈጽሞ የማይሄደውን ካላገኘነው ውጤታችን ከእውነታው ይልቅ ያማረ ይሆናል። ስለዚህ ናሙናው ከቤት ለቤት ምርጫ እንዲመጣ፣ ወጪው ለሁሉም ስለማይበቃ ደግሞ ከአምስት ተሳታፊ አንዱ የደም ግፊቱ፣ ክብደቱ፣ የወገብ ዙሪያውና የደም ስኳሩ እንዲለካ ሐሳብ አቀርባለሁ።

የነርሲንግ ባለሙያ፦ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። በደቡብ ምሥራቅ ቱርክ በርካታ ጎልማሶች በቤታቸው ኩርድኛ ወይም ዓረብኛ ስለሚናገሩ፣ ማንበብ የማይችሉ አረጋውያንም ስላሉ፣ መጠይቁ በሚገባቸው ቋንቋ በቃል ይነበብላቸው። ከፍተኛ ስኳር ወይም የደም ግፊት የተገኘበትም ሰው ውጤቱ በዕለቱ ተነግሮት ወደ ቤተሰብ ሐኪሙ ይላክ፤ ይህ ካልተካተተ በዕቅዱ ላይ ለመፈረም ኅሊናዬ አይፈቅድልኝም።

ሰብሳቢ፦ የቤት ለቤት ናሙናው፣ የአንድ አምስተኛው ልኬትና ወደ ሐኪም የመላክ ግዴታው በሁለተኛው ረቂቅ ይገባሉ። የወጪውን ክፍል የስታቲስቲክስ ባለሙያችን፣ የሥነ ምግባሩን ክፍል እኅታችን እንዲያዘጋጁልን እጠይቃለሁ።