የያዝነውን ዓሣ ፎቶ ኤዲት እናድርግ ወይስ እንተው?

ጥያቄውን ያነሳሁት (ሐዋሳ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን አንድ ፎቶ እየተቀባበልነው ነው። አንድ ወጣት ጀልባ ላይ ቆሞ ቆሮሶ ይዟል። ቆሮሶው ከአገጩ እስከ ቀበቶው ይደርሳል። ፎቶውን አጉልቼ ሳየው ከዓሣው ጀርባ ያለው የጀልባ ጠርዝ ጎብጧል። ዓሣውን የያዘበት እጅ ጣቶች ከሌላኛው እጁ ጣቶች በጣም ይረዝማሉ። ዓሣው በሶፍትዌር ተለጥጧል ማለት ነው። ከሥሩ ግን ሰው ሁሉ «የት ነው? በምን ያዝከው?» እያለ ይጠይቃል።

እስኪ እንከራከርበት። የያዝነውን ዓሣ ፎቶ በፎቶሾፕ፣ በላይትሩም ወይም በስልክ አፕ ማሳመር ችግር አለው? ወሰኑስ የት ነው? የእኔ አቋም ይሄ ነው፦ ብርሃኑንና ቀለሙን አስተካክሉ። የዓሣውን መጠን፣ ብዛትና ትኩስነት ግን አትንኩ። እሱን የነካ ሰው የሚዋሸው ስለ ራሱ ብቻ አይደለም፤ ስለ ሐይቁም ነው።

ለመዝናናት የማጠምድ (አዲስ አበባ)፦
ወንድሜ፣ ነገሩን አከበድከው። ሰው ሠርጉን ኤዲት ያደርጋል፣ ልደቱን ያደርጋል፣ ምንም አንልም። ዓሣ ላይ ስንደርስ ለምን ዳኛ እንሆናለን? እኔ ከሥራ ጭንቀት ለመውጣት መንጠቆዬን ይዤ የምሄድ ሰው ነኝ። ፎቶዬ ቢያምር ደስ ይለኛል፤ ማንንም አልጎዳሁም።

በዚያ ላይ ስልኩ ራሱ ኤዲት ያደርጋል። አንዴ ስትጫነው ብዙ ምስል አንስቶ ያዋህዳል፣ ጥላውን ያበራል፣ ሰማዩን ያደምቃል። «ያልተነካ ፎቶ» የምትሉት ድሮ ቀርቷል። ስልኩ ሲያደርገው ልክ፣ እኔ ሳደርገው ውሸት የሚሆንበት ምክንያት አይገባኝም።

ፎቶ አንሺዋ (ባሕር ዳር)፦
ስለ ስልኩ ያልከው እውነት ነው። እንዲያውም እኔ ልጨምርልህ። ዓሣ ከውኃ እንደወጣ ያለው ቀለም ብዙ አይቆይም፤ ሲሞት ይደበዝዛል። ሰማያዊ ሸራ ሥር ካነሳኸው ደግሞ ሰውነቱ በሙሉ ሰማያዊ ይመስላል። ያንን ቀለም መልሶ ማስተካከል ዓይናችን ያየውን መመለስ ነው። ይሄን የሚከለክል ሕግ ቢመጣ የመጀመሪያዋ ተቃዋሚ እኔ ነኝ።

መለጠጥና መጨመር ግን ሌላ ሥራ ነው። የዜና ፎቶ ሰዎች ይሄን ክርክር ከብዙ ጊዜ በፊት ጀምረውታል። እ.ኤ.አ. በ2015 ወርልድ ፕረስ ፎቶ የሚባለው የዜና ፎቶ ውድድር ወደ መጨረሻው ከተጠጉት ሥራዎች 20 በመቶ ያህሉን በኤዲቲንግ ምክንያት ከውድድር አስወጥቷል። በ2014 ደግሞ አሶሽዬትድ ፕረስ የተባለው የዜና ወኪል ፑሊትዘር የሚባለውን የጋዜጠኝነት ሽልማት ካገኙ ፎቶግራፈሮች አንዱን አሰናብቷል። ሰውየው ያደረገው ምንድነው? ሶርያ ውስጥ ካነሳው ፎቶ ጥግ ላይ የባልደረባውን ቪዲዮ ካሜራ አጠፋ። በቃ። ዋናውን ነገር አልነካም፤ ግን ምስሉ ውስጥ የነበረ ነገር እንዳልነበረ ሆነ። ወሰኑ እዚያ ጋ ነው። ብርሃን ማስተካከል አንድ ነገር ነው፤ ያለውን ማጥፋት፣ የሌለውን መጨመር ሌላ ነው።

ለመዝናናት የማጠምድ (አዲስ አበባ)፦
እህቴ፣ እሱ ጋዜጠኛ ነው፤ ደመወዙን የሚበላው ለእውነት ነው። እኔ ጋዜጠኛ አይደለሁም። ደግሞ አንድ ነገር መልሱልኝ። እጄን ዘርግቼ ዓሣውን ወደ ካሜራው ባስጠጋውስ? ያለ ምንም ሶፍትዌር ዓሣው እጥፍ ይሆናል። እሱንም ልትከለክሉ ነው?

ከዲሲ ማዶ (ቨርጂኒያ)፦
ጥሩ ጥያቄ ነው። እኔ እዚህ ፖቶማክ ወንዝ ላይ አጠምዳለሁ። እጅ መዘርጋት ሁሉም የሚያውቀው ነው። ክንድህ እስከ ጫፉ ተዘርግቶ ሲታይ ተመልካቹ ራሱ ይቀንስልሃል። ሶፍትዌሩ ግን ክንዱንም ጀርባውንም አስተካክሎ ማስረጃውን ያጠፋል። ለእኔ ልዩነቱ እሱ ነው።

እዚህ በካያክ (በመቅዘፊያ በሚነዳ ትንሽ ጀልባ) የሚደረጉ የዓሣ ውድድሮች የሚዳኙት በፎቶ ነው። ዓሣው አይገደልም፤ ተለክቶ፣ ፎቶ ተነስቶ ይለቀቃል። እንዴት እንደሚሠራ ልንገራችሁ። ቁጥር የተጻፈበት የመለኪያ ሰሌዳ ይኖርሃል። ዓሣውን ታጋድመዋለህ፤ አፉ ተዘግቶ የሰሌዳውን ጫፍ መንካት አለበት። ከጎኑ ለዚያ ውድድር ብቻ የተሰጠህ መለያ ኮድ ይታያል። ኮዱ የሚሰጠው ውድድሩ ሊጀመር ሲል ነው፤ የድሮ ፎቶ ይዞ የሚመጣ እንዳይኖር። ይሄ ሁሉ ጥንቃቄ የመጣው ፎቶው ሚዛን ሆኖ ስለሚያገለግል ነው። እዚያ ላይ ዓሣ የለጠጠ ሰው የሌላውን ሽልማት ወሰደ።

ለመዝናናት የማጠምድ (አዲስ አበባ)፦
ሚዛንም ይታለላል እኮ! እ.ኤ.አ. በ2022 አሜሪካ ውስጥ በኢሪ ሐይቅ ውድድር ሁለት ሰዎች ዓሣው ክብደት እንዲጨምር ሆዱ ውስጥ የእርሳስ ብረት ከተው ተይዘዋል። ቪዲዮውን ዓለም አይቶታል። ፎቶ ስለከለከላችሁ ሰው ቅን አይሆንም።

ከዲሲ ማዶ (ቨርጂኒያ)፦
ተይዘዋል አይደል? ነጥቡ እሱ ነው። የውድድሩ ኃላፊ ክብደቱ ከዓሣው መጠን ጋር አልሄድ ሲለው ሆዱን ቀዶ አየ። ሰዎቹ በ2023 ጥፋተኝነታቸውን አምነው 10 ቀን እስር ተፈረደባቸው፤ ጀልባቸውንም ተነጠቁ። ሚዛኑ ሲታለል ዓሣው ራሱ እዚያው ስለነበር መሰከረ። ፎቶ ሲታለል ግን የሚቀደድ ሆድ የለም። ዓሣው ተበልቷል ወይም ወደ ውኃው ተመልሷል። ስለዚህ ፎቶው ላይ ያለው ጥንቃቄ የበለጠ መሆን አለበት እላለሁ።

ዓሣ ነጋዴው (ባቱ)፦
ልጆቼ፣ እናንተ ስለ ሽልማት ታወራላችሁ፤ እኔ ስለ እንጀራዬ ላውራ። አሁን ደንበኛ የሚያዘው በቴሌግራም ነው። ፆም ሲገባ ገበያው ይደራል (ዓሣ በፆም ይበላል አይበላም የሚለውን ለሌላ ቀን እንተወው)። ፎቶዬ ከጎረቤቴ ከደበዘዘ ደንበኛዬ ወደ ጎረቤቴ ይሄዳል። ልጄ በስልኳ ትንሽ ታሳምርልኛለች። ይሄ ወንጀል ነው?

ምግብ ቤት ያለኝ (አዲስ አበባ)፦
ጋሼ፣ ሥራዎን አከብራለሁ፤ እኔም የምኖረው በዓሣ ነው። ግን የገዢውን ወገን ይስሙኝ።

ዓሣ ስገዛ መጀመሪያ የማየው ዓይኑን ነው። የትኩስ ዓሣ ዓይን ጥርት ያለ ነው፤ ወደ ውጭ ይወጣል። የቆየው ዓይኑ ይጨልማል፣ ይሰምጣል። ቀጥሎ የጆሮውን ክዳን ገልጬ ስንጥቡን (የሚተነፍስበትን) አያለሁ። ቀይ ከሆነ ደህና ነው። ወደ ቡናማ ከሄደ አልፈልገውም። ከዚያ ሥጋውን በጣት ጫን ሳደርገው ተመልሶ መነሳት አለበት። በፎቶ መጫን አልችልም፤ ማሽተትም አልችልም። የቀረኝ ዓይኑና ስንጥቡ ብቻ ነው። አሁን ያሉት አፖች ደግሞ ቀይ ቀለምን ለብቻው ያደምቃሉ፤ የደበዘዘ ዓይን ላይ ብርሃን ያስቀምጣሉ። ሰው ሠራሽ አስተውሎት የገባባቸውማ ከነጭራሹ አዲስ ዓይን ይሠሩለታል። አንድ ጊዜ ከአንድ ነጋዴ በፎቶ አይቼ ያዘዝኩት ዓሣ በረዶው ሲነሳ ስንጥቡ እንደ ቡና አተላ ነበር። ፎቶው ላይ ግን ደም የመሰለ ቀይ ነው። ያንን ለእንግዳ ባቀርብ ታማሚው እንግዳዬ ነው፤ ተጠያቂዋ እኔ ነኝ።

ለመዝናናት የምታጠምደው ወንድሜ፣ «ማንንም አልጎዳም» ያልከው ለሽያጭ ፎቶ አይሠራም። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። ቴሌግራም ላይ ዋጋ ጽፈህ የለጠፍከው ዓሣ ማስታወቂያ ካልሆነ ምን ሊባል ነው?

ዓሣ ነጋዴው (ባቱ)፦
ልጄ፣ ስለ ስንጥቡ እውነትሽን ነው። እሱን የነካ ሌባ ነው። እኔ የምለው ስለ ፎቶው ጨለማ ነው። ማለዳ ሐይቁ ዳር መብራት የለም።

ምግብ ቤት ያለኝ (አዲስ አበባ)፦
እሱንማ ያብሩልን ጋሼ። ጨለማውን ማንም አይፈልገውም።

የጣና ልጅ (ባሕር ዳር)፦
ሁላችሁም ዓሣው ላይ ቆማችሁ ቀራችሁ። እኔን የሚያሳስበኝ ከዓሣው ጀርባ የሚጠፋው ነው። የጣና ፎቶዎችን ልብ ብላችሁ እዩ። እምቦጩ ተነስቶ ንጹሕ ውኃ ይገባበታል። ዳር ላይ ያለው የፕላስቲክ ጠርሙስ በአንድ ጣት ይጠፋል። አንዳንዴ መረቡም ይጠፋል፤ በመረብ የተያዘው ዓሣ በመንጠቆ የተያዘ ይመስላል። እምቦጭ ጣና ላይ መታየቱ ከተነገረ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ነው። ስንት ሰው በእጁ እየነቀለ ለፍቷል። ፎቶው ላይ የለም ማለት ግን ለማያውቀው ሰው ችግሩ አልቋል ማለት ነው። ለእኔ ዓሣ ከመለጠጥ ይሄ ይብሳል።

ለመዝናናት የማጠምድ (አዲስ አበባ)፦
ቆይ፣ ጀርባውን ማደብዘዝስ? እኔ ጥሩ ቦታ ሳገኝ ሰው እንዳይወርበት ዳርቻውን አደበዝዛለሁ። እሱም ተከለከለ?

የጣና ልጅ (ባሕር ዳር)፦
እሱ ሌላ ነው፣ በእኔ በኩል ችግር የለውም። ማደብዘዝ «እዚህ ጋ የማላሳይህ ነገር አለ» ይላል። ማጥፋት ግን ምንም እንዳልነበረ ያደርጋል።

ጥያቄውን ያነሳሁት (ሐዋሳ)፦
ስለ ሐይቁ ያልኩትን ላብራራ። የጣናው ወንድሜ በር ከፍቶልኛል።

ጣና ውስጥ በሳይንስ ስሙ ላቢዮባርበስ የሚባል የዓሣ ወገን አለ። ከ10 በላይ ዝርያዎቹ በዓለም ላይ ከጣና በቀር የትም አይገኙም። ብዙዎቹ በክረምት እንደ ጉማራ ወዳሉ ወንዞች ወጥተው ይራባሉ። ያኔ ወንዙ አፍ ላይ መረብ የዘረጋ ሰው እንቁላል የያዘችውን እናት ነው የሚያነሳው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ቁጥራቸው በከፍተኛ ደረጃ መውረዱን ያጠኑ ሰዎች ጽፈዋል።

እነዚህ ዝርያዎች የሚለዩት በምንድነው? በአፋቸው አቀማመጥ፣ በጭንቅላታቸው ቅርጽ፣ በሰውነታቸው ርዝመትና ውፍረት ነው። አንዱ አፉ ወደ ላይ ነው፣ አንዱ ወደ ታች። አንዱ ቀጭንና ረጅም፣ አንዱ ጀርባው ጎበጥ ያለ። እንግዲህ ፎቶውን በርዝመቱ ስባችሁ እዩት። ጎባጣው ቀጭን ይሆናል፤ አንዱ ዝርያ ሌላውን ይመስላል። የለጠጠው ልጅ «ትልቅ ዓሣ ያዝኩ» ሊል ነበር። ያደረገው ግን ዓሣውን ሌላ ዓሣ ማድረግ ነው። ነገ አንድ ተማሪ እነዚህን ፎቶዎች ሰብስቦ ሊያጠና ቢነሳ በምን ይለያል?

ሁለተኛው መጠኑ ነው። አንድ ሐይቅ ከአቅሙ በላይ ሲጠመድ መጀመሪያ የሚታየው ምልክት የሚያዘው ዓሣ እያነሰ መሄዱ ነው። ትልልቆቹ ያልቃሉ፣ የመረቡ ቀዳዳ ይጠብባል፣ ከዚያ ያልወለደው ይያዛል። በጫሞ ናይል ፐርችና ቆሮሶ ላይ ይሄ ስጋት ለዓመታት ሲነገር ቆይቷል። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 የወጣውም ሀብቱ እንዳይመናመን ነው። ግን ሕጉን የሚያስፈጽም ሰው በየጀልባው የለም። ብዙ ቦታ ዓሣው ምን ያህል እንደነበረ የሚያሳየን የሰው ፎቶ ብቻ ነው። ፎቶው ላይ ሁልጊዜ ዓሣው ትልቅ ከሆነ ማነሱን ማን ያያል? ሥጋቴ ይሄ ነው፣ ከልቤ ነው የምናገረው።

ከገሊላ አቅራቢያ (እስራኤል)፦
እዚህ እስራኤል እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ የሚሠራ ሕግ አለ። ስለ ዓሣ አይደለም፤ ስለ ማስታወቂያ ሞዴሎች ነው። ሰውነቷን በኤዲቲንግ ያቀጠኑ እንደሆነ ማስታወቂያው ላይ መጻፍ ግዴታ ነው፤ ጽሑፉም ቢያንስ የማስታወቂያውን 7 በመቶ መያዝ አለበት። ኤዲቲንጉን ራሱን አልከለከሉም። ተናገር ነው ያሉት። እኛስ «ተስተካክሏል» ብለን ብንጽፍ ምን ይከብደናል?

ፎቶ አንሺዋ (ባሕር ዳር)፦
ሐሳቡን ወድጄዋለሁ፤ ግን ሁሉም ፎቶ ላይ ከተጻፈ ማንም አያነበውም። ብርሃን ላበራም «ተስተካክሏል»፣ ዓሣ ለለጠጠም «ተስተካክሏል» ሊባል ነው። እኔ ብሆን የምጠይቀው ያልተነካውን ፎቶ ነው። ስለ መጠን የሚናገር ሰው ከአንዱ የሚያምር ፎቶ ጋር አንድ ሜትር የተዘረጋበትን፣ ከስልኩ እንደወጣ ያለውን ይለጥፍ። የዓሣ ማጥመድን የዓለም ክብረ ወሰን የሚመዘግበው ዓለም አቀፍ ማኅበር፣ ኢግፋም፣ ለክብደት ክብረ ወሰን ፎቶ ብቻ ይዞ የመጣን ሰው አይቀበልም፤ ሚዛንም ይጠይቃል።

ከዲሲ ማዶ (ቨርጂኒያ)፦
ልክ ነሽ። ጃፓናዊው ማናቡ ኩሪታ እ.ኤ.አ. በ2009 ቢዋ ሐይቅ ላይ ከ10 ኪሎ ትንሽ ያለፈ ባስ የሚባል ዓሣ ሲይዝ የአሜሪካዊውን የጆርጅ ፔሪን የ1932 ክብረ ወሰን የተጋራው ብዙ ተጠይቆ ነው። የውሸት መመርመሪያ ማሽን ላይ ሳይቀር ተቀምጧል።

ለመዝናናት የማጠምድ (አዲስ አበባ)፦
እሺ። ለሽያጭና ለውድድር የምትሉትን ተቀብያለሁ። የስንጥቡ ነገር አሳምኖኛል፤ የዝርያው ነገርም አዲስ ነው ለእኔ። ግን ለቤተሰቤ የምልከው ፎቶ ላይ ሜትር አልዘረጋም። እናቴ ዓሣዬን ስታይ ሴንቲሜትር አትጠይቀኝም። እዚያ ላይ አንስማማም።

ጥያቄውን ያነሳሁት (ሐዋሳ)፦
ለእናትህ የምትልከው ላይ ማንም አያገባውም፣ ወንድሜ። እኔ የያዝኩት ጥያቄ ለሁሉም ክፍት አድርገህ፣ የሐይቁን ስም ጽፈህ የምትለጥፈው ላይ ነው። ስሙን ከጻፍክ ስለ ሐይቁ እየመሰከርክ ነው፤ እዚያ ላይ አልለቅህም።