ቲ900 ወይስ ሪም 950፦ ለሜሴጅና ለኢሜይል የቱ ይሻል ነበር?

ድሮ_ዕቃ፦
ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ሰሞኑን ሁለት ባለ ሁለት አቅጣጫ ፔጀሮች፣ ማለትም መልእክት መቀበል ብቻ ሳይሆን መላክም የሚችሉ ወገብ ላይ የሚያዙ ትንንሽ መሣሪያዎች፣ እጄ ገብተዋል። አንዱ ሞቶሮላ ቲ900 ነው፣ ክዳኑ እንደ መነጽር ቤት ይከፈታል። ሌላው ሪም የሚባለው ኩባንያ የሠራው ሪም 950። ሁለቱም ኪቦርድ አላቸው፣ ሁለቱም በአንዲት ደብል ኤ የባትሪ ድንጋይ ይሠራሉ፣ ሁለቱም ሜሴጅም ኢሜይልም ይልካሉ ይቀበላሉ። ታዲያ አንዱን ማንም አያስታውሰው፣ የሌላው ወገን ደግሞ ብላክቤሪ ሆኖ ዓለምን አዳረሰ። ምክንያቱ ምንድን ነው? ኪቦርዱ ነው? ልሠራበት አይደለም፣ ለማወቅ ብቻ ነው። የተጠቀመባቸው ካለ ይንገረኝ።

የሌሊት_ተረኛ፦
ቲ900 ወገቤ ላይ ሁለት ዓመት ኖሯል። ለሜሴጅ አንደኛ ነበር፣ ይህን ማንም አይነጥቀኝም። ተራውን ፔጀር ታውቀዋለህ፣ መልእክቱ ሲመጣ ፔጀሩ ጠፍቶ ከሆነ ወይም ሲግናል ከሌለው በቃ፣ አመለጠህ። ባለ ሁለት አቅጣጫው ግን ሲደርሰው ለኔትወርኩ «ተቀብያለሁ» ይላል፣ ካላለ መልእክቱ እዚያው ተቀምጦ ይጠብቅሃል፣ ስትከፍተው ይመጣል። በ1995 እ.ኤ.አ. የወጣው የመጀመሪያው፣ የሞቶሮላ ታንጎ፣ ብቻውን የሚልከው ቀድመው የተጻፉ አጫጭር መልሶችን ነበር። ቲ900 ላይ የፈለግኸውን ትጽፋለህ።

አንድ የሚያናድድ ነገር ነበረው። ምድር ቤት ውስጥ ሆነህ መልእክት ይገባልሃል፣ መልስ ግን አይወጣልህም። የኔትወርኩ ማማ በመቶዎች በሚቆጠር ዋት ነው የሚጮኸው፣ ያንተዋ ሚጢጢ ፔጀር አንድ ዋት ገደማ ብታወጣ ነው። እሱን ትሰማዋለህ፣ እሱ አይሰማህም። ደረጃ እየወጣሁ ወደ መስኮት ስሮጥ ያዩኝ ሰዎች ምን ይሉ እንደነበር እንጃ።

ኢሜይሉ ግን... ስሙ ነው እንጂ ኢሜይል አይባልም። ፔጀሩ የራሱ አድራሻ ነበረው። የመሥሪያ ቤት ኢሜይሌን ወደሱ አስተላልፋለሁ፣ ረጅሙ ተቆርጦ ይመጣል፣ ስመልስ ደግሞ ከፔጀሩ አድራሻ ነው የሚሄደው። ሰውዬው እሱኑ ይዞ ይጽፍልኛል። በሳምንቱ የወሬያችን ግማሽ ኮምፒውተሬ ላይ፣ ግማሹ ወገቤ ላይ!

አውራ_ጣት፦
ቁም ነገሩን ከላይ ያለው ወንድማችን ተናግሮታል፣ ልጨምርበት ብቻ። ልዩነቱ ኪቦርዱ ሳይሆን አድራሻው ነው። ማስረጃውም እጅህ ላይ ያለው 950 ራሱ ነው። ያ ዕቃ ሁለት ዓይነት ሆኖ ተሸጧል። መጀመሪያ የራሱ አድራሻ ያለው ፔጀር ነበር፣ ልክ እንደ ቲ900። ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ የብላክቤሪ አገልግሎት ተጨመረበትና የቢሮህ ኢንቦክስ ኪስህ ገባ። መልስ ስትልክ ከራስህ አድራሻ ይሄዳል፣ መንገድ ላይ ቁጭ ብለህ በአውራ ጣትህ እንደጻፍከው ማንም አያውቅም። ቀፎው ያው፣ ኪቦርዱ ያው፣ በጎን ያለችው የምትሽከረከር ጎማ ያው። ሌላ ዕቃ ሆነ ግን!

እንከን አልነበረውም ማለቴ አይደለም። መጀመሪያ ላይ ኢሜይሉን የሚያስተላልፈው የራስህ የቢሮ ኮምፒውተር ላይ የተጫነ ፕሮግራም ነበር። ኮምፒውተሩ ሌት ተቀን ሳይጠፋ መቆየት ነበረበት። አንድ ዓርብ ማታ አንድ ደግ ሰው መብራት ልቆጥብለት ብሎ አጠፋልኝ። ቅዳሜና እሁድ ጸጥ አለ። «ዛሬስ ሰው ሁሉ ዐረፈ» ብዬ ደስ ብሎኝ ሰነበትኩ፣ ሰኞ ስገባ አለቃዬ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። በኋላ ሥራው ወደ ሰርቨር ሲዛወር ነው ይሄ ጣጣ የቀረው።

አጭር_መልስ፦
እኔ በከፊል አልስማማም። ኢሜይል ለማይበዛበት ሰው ቲ900 ይበቃው ነበር፣ ዋጋውም ቀለል ይል ነበር። ደግሞ ዘመኑን አትርሱ። አሜሪካ ውስጥ ያኔ ከአንዱ ኩባንያ ስልክ ወደ ሌላው ኤስኤምኤስ መላክ አይቻልም ነበር፣ የተስተካከለው በ2002 እ.ኤ.አ. አካባቢ ነው። ሰው ፔጀር የያዘው ወዶ ብቻ አይደለም። አውሮፓ ግን በ160 ፊደል ኤስኤምኤስ ተጠምዶ ስለነበር የፔጀር ነገር ብዙም አላጓጓውም። ለማንበብ ከሆነ ግን 950 ይበልጣል፣ እሺ። ቲ900 አራት መስመር ብቻ ነው የሚያሳየው፣ ረጅም ደብዳቤ በአራት መስመር ማንበብ በቁልፍ ቀዳዳ እንደማየት ነው።

ድሮ_ዕቃ፦
እጅግ አመሰግናለሁ። አሁን ገባኝ። የኔኛው 950 ላይ ብላክቤሪ የሚል ጽሑፍ አጣሁ፣ እንግዲህ የመጀመሪያው ዓይነት መሆን አለበት። ቲ900 ግን ድንጋይ ብቀይርለትም አልነሳም አለኝ።

የሌሊት_ተረኛ፦
የድንጋዩን ክዳን ከፍተህ ሽቦውን እየው። አረንጓዴ ወይም ነጭ ዱቄት ካለበት አሮጌው ድንጋይ ውስጡ ፈሶ ነው። ጥጥ ኮምጣጤ ነክረህ ቀስ ብለህ ጥረገው፣ በደንብ ይድረቅ፣ ከዚያ ሞክረው። ካልሠራም አትታገለው። ከ950ውም ድንጋዩን ዛሬውኑ አውጣ!