የዳርሜንድራ የጎራዴ ፊልሞች፦ ለወጣቶች የትኛውን እናስቀድም?

የጦሳ ግርጌ (ደሴ)፦
ውድ የህንድ ፊልም ወዳጆች፣ ተዋናዩ ዳርሜንድራ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 24 ቀን 2025፣ ዘጠና ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ካረፈ ወዲህ ደሴ ፒያሳ አካባቢ የምንገናኝ ጓደኛሞች ሥራዎቹን በየተራ ለማየት ተስማምተናል። አብዛኛው ሰው የሚያስታውሰው ሾሌይ በተባለው ፊልም ከአሚታብ ባቻን ጎን ቆሞ ቪሩ የተባለውን ገጸ ባሕርይ ሲጫወት ነው፤ እኔን ግን ከሁሉ በላይ የሚማርኩኝ ጎራዴ ታጥቆ፣ ፈረስ ላይ ተፈናጥጦ የሠራቸው የጀብዱ ፊልሞች ናቸው። ከመካከላችን ያሉት ወጣቶች በኮምፒውተር የተቀነባበረ ውጊያ ስለለመዱ፣ በድሮው የጎራዴ ግጥሚያ ትዕግሥታቸው ቶሎ ያልቃል። የትኛውን ብናስቀድም የዚህ ሰው ችሎታ ይገባቸዋል ትላላችሁ? ምክንያታችሁንም ብትጨምሩልኝ እጅግ አመሰግናለሁ።

የቦርከና ዳር (ኮምቦልቻ)፦
ወንድሜ፣ ያለጥርጥር ዳራም ቪርን አስቀድሙ። ማንሞሃን ዴሳይ ያዘጋጀው፣ እ.ኤ.አ. በ1977 ለዕይታ የበቃ ፊልም ነው፤ ዳርሜንድራም ያን ጊዜ አርባ ዓመት አልፎት ነበር። ታሪኩ ሲወለዱ የተለያዩ መንትያ ወንድማማቾችን የሚከተል ሲሆን፣ አንደኛው በቤተ መንግሥት ልዑል ሆኖ ያድጋል፤ ሌላው፣ ማለትም ዳርሜንድራ የሚጫወተው ዳራም፣ በጭልፊት ከሞት ተርፎ በብረት ቀጥቃጭ ቤት ያድጋል። እኔ ይህን ፊልም የምወደው በተለይ ለዚህ ነው። በእኛ አገር ማረሻውንም ጎራዴውንም የሚሠራው ቀጥቃጭ ለዘመናት ሲናቅና ስም ሲወጣለት የኖረ ባለሙያ ስለሆነ፣ የቀጥቃጭ ልጅ ሆኖ አንገቱን ሳይደፋ በነገሥታት ፊት የሚቆም ጀግና ማየት ለወሎ ተመልካች ቀላል ነገር አይደለም። ልብሱና ሕንጻው የየትኛውም ዘመን አይደለም፤ የሮማም የህንድም ነገር ተቀላቅሎበታል። ወጣቶቹ ይህን እንደ ጉድለት እንዳይቆጥሩት አስቀድማችሁ ተረት መሆኑን ንገሯቸው። ዓይናቸውን ከዳርሜንድራ ፊት ላይ እንዳያነሱም ምከሯቸው፤ ጎራዴ ከመምዘዙ በፊት ፈገግ ይላል፣ ቁጣው የሚመጣው ዘግይቶ ነው፣ ሲመጣም መላ ሰውነቱ አብሮ ይቆጣል። ብዙ ተዋናዮች ጡንቻ አላቸው፤ ጡንቻን ከየዋህነት ጋር አዋሕዶ ማሳየት የቻለ ግን ከእሱ ሌላ አላየሁም።

ሸዋ በር (ደሴ)፦
የቦርከና ዳር የተናገሩትን አከብራለሁ፤ ሆኖም ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ከሁሉም የሚቀርበው ራዚያ ሱልጣን ነው። በዚህ ፊልም ውስጥ ዳርሜንድራ የሚጫወተው ሐበሻ ሆኖ መሆኑን ስንቶቻችን እናውቃለን? ራዚያ እ.ኤ.አ. ከ1236 እስከ 1240 በዴልሂ ዙፋን ላይ የተቀመጠች ሴት ገዥ ናት። ጀማሉዲን ያቁት ደግሞ ከሐበሻ ወገን የሆነ፣ እሷ የፈረስ ቤቱ ኃላፊ አድርጋ የሾመችው ሰው ነበር፤ የቱርክ ተወላጅ መኳንንትም ሹመቱን አልቀበል ብለው ስላመፁባት እሱም ተገደለ፣ እሷም ከዙፋኗ ወረደች። ካማል አምሮሂ ይህን ታሪክ እ.ኤ.አ. በ1983 ፊልም አድርጎ ሲያቀርበው ያቁትን ለዳርሜንድራ፣ ራዚያን ለሄማ ማሊኒ ሰጠ።

ፊልሙ በገበያ አልቀናውም፤ ረጅምና ዝግ ያለ ነው፣ ቋንቋውም የጠለቀ ኡርዱ ነው። የተዋናዩን ፊት በቀለም አጥቁሮ ሐበሻ ማድረጉም ዛሬ ስናየው ቅር የሚያሰኝ ነገር ስለሆነ፣ ለወጣቶቹ ሳይሸፋፈን ሊነገር ይገባል። ይሁን እንጂ በዳራም ቪር የምናየው ደስተኛ ጎራዴኛ እዚህ ላይ ጥቂት የሚናገር፣ ፍቅሩን በውስጡ አምቆ የያዘ፣ በጌታና በሎሌ ወግ የታሰረ ወታደር ሆኗል፤ ተዋናዩ ጀብዱን ያለ ፉከራ መጫወት እንደሚችል የሚታየውም በዚሁ ሥራ ነው። የንጉሥ ሚካኤልን ፈረሰኞች ዝና እየሰማ ላደገ፣ ፈረሰኛን በጉግስ ሜዳ መመዘን ለለመደ የወሎ ሰው፣ የያቁት ሹመት በፈረስ ምክንያት መሆኑ ራሱ ልብ የሚነካ ነገር ነው። ከያቁት በኋላ በደቡብ ህንድ በዴካን ምድር ጦር የመራውን፣ እ.ኤ.አ. በ1626 የሞተውን ሐበሻ መሊክ አምባርን ጨምራችሁ ብታነሱላቸው፣ ከፊልሙ በኋላ ያለው ውይይት የበለጠ ይሰምራል።

ሰኞ ገበያ (ደሴ)፦
ሕፃናትም የሚገኙ ከሆነ አሊ ባባንና አርባዎቹን ሌቦች አትርሱ። እ.ኤ.አ. በ1980 ህንድና ሶቪየት ኅብረት በጋራ የሠሩት ሲሆን፣ ታሪኩ ለሁሉም የታወቀ በመሆኑ ያለ ትርጉም እንኳ ይከተሉታል። የትወና ጥልቀት አትጠብቁበት። ለራዚያ ሱልጣን ግን ትዕግሥት ያለው ተመልካች ያስፈልጋልና በመጨረሻ ይሁን።

የጦሳ ግርጌ (ደሴ)፦
ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሸዋ በር፣ ያቁት ሐበሻ መሆኑን እኔም አሁን ገና ከእርስዎ ሰማሁ፤ በጓደኞቼ ዘንድም የሚያውቅ አላገኘሁም። ስለዚህ ዳራም ቪርን አስቀድመን፣ አሊ ባባን ልጆች በሚመጡበት ቀን አሳይተን፣ ራዚያ ሱልጣንን ግን እረፍት ሰጥተን ለሁለት ከፍለን እናየዋለን። ሸዋ በር፣ ፈቃድዎ ከሆነ ከፊልሙ በፊት ስለ ያቁት ጥቂት ቢያስረዱን ደስ ይለናል።

ሸዋ በር (ደሴ)፦
በደስታ እመጣለሁ። ቀኑንና ሰዓቱን ብቻ አስቀድማችሁ አሳውቁኝ።