ከራር ፋይል የገባ ቫይረስ ቢጠፋም ተመልሶ ይመጣል፤ እባካችሁ እርዱን

ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ማርቆስ ያለ የአንድ ገበሬዎች ዩኒየን ሂሳብ ክፍል ኮምፒውተር አስቸግሮናል። በቴሌግራም «የጤፍ ግዥ ጨረታ» የሚል ራር (RAR፣ የታመቀ) ፋይል መጣ፤ የይለፍ ቃሉም እዚያው መልእክቱ ላይ ተጽፏል። ይሄ ራሱ ያስጠረጥራል፤ አንቲቫይረስ የተቆለፈ ፋይል ውስጥ ያለውን ማየት አይችልም።

ማሽኑ ላይ ያለው ራር ፋይል የሚፈታው ፕሮግራም ዊንራር 7.12 ነው። በ2025 ይፋ የሆነው የዊንራር የደህንነት ክፍተት (CVE-2025-8088) የተደፈነው በ7.13 ነው፤ ከዚያ በፊት ባሉት ለዊንዶውስ በተሠሩ የዊንራር ስሪቶች ፋይሉ ሲፈታ ከተመረጠው ፎልደር ውጭ ሌላ ነገር ማስቀመጥ ይቻላል። ዊንራር ደግሞ ራሱን በራሱ አያዘምንም። እዚህም ዴስክቶፕ ላይ አንድ ፒዲኤፍ ብቻ ታየ፤ ማሽኑ ሲነሳ ያለውን ሁሉ በሚያስነሳው ስታርታፕ ፎልደር ውስጥ ግን ቴምፕ (ጊዜያዊ ፋይሎች) ፎልደር ውስጥ ያለ ዲኤልኤል (DLL፣ የፕሮግራም ኮድ ፋይል) የሚያስነሳ ሾርትከት ተቀምጧል።

ወዲያው የኔትወርክ ገመዱ ተነቅሏል፣ የባንክና የኢሜይል ፓስወርዶች ከሌላ ንጹህ ማሽን ተቀይረዋል። ሾርትከቱና ዲኤልኤሉ ቢሰረዙም ማሽኑ ሲነሳ ይመለሳሉ። የዲፌንደር (የዊንዶውስ የራሱ አንቲቫይረስ) ኦፍላይን ስካን ምንም አላገኘም። ፕሮግራም በቀጠሮ የሚያስነሳው ታስክ ስኬጁለርና ሬጅስትሪው (የዊንዶውስ ቅንብሮች ማከማቻ) ላይ ያሉት፣ ፕሮግራም በራሱ የሚያስነሱት «ራን» ቁልፎች ንጹህ ናቸው።

ታዲያ የሚመልሰው ከየት ነው? ሰርቪስ (ከጀርባ የሚሠራ ፕሮግራም) ይሆን ወይስ ደብሊውኤምአይ (WMI፣ የዊንዶውስ ማስተዳደሪያ ሥርዓት)? በራሳቸው የሚነሱ ፕሮግራሞችን በሚዘረዝረው በአውቶራንስ ስፈልግ የትኛውን ታብ ላስቀድም?

ዊንዶውሱን ፎርማት አድርጎ መጫን ሳይሻል አይቀርም፤ ግን የአባል ገበሬዎች ክፍያ ሁሉ ያለው ፒችትሪ የሚባለው የሂሳብ ፕሮግራም ላይ ነው። ማሽኑን በሊኑክስ ላይቭ ፍላሽ (ዊንዶውሱን ሳይከፍት ከፍላሽ በሚነሳ ሊኑክስ) አስነስቼ የኩባንያውን ዳታ ፎልደር ብቻ ብገለብጥ ቫይረሱ አብሮ የሚወጣበት መንገድ አለ? ፒችትሪን ፎርማት ከተደረገ በኋላ ከዚህ ኮፒ የመለሰ ሰው ካለ ቅደም ተከተሉን ይጻፍልኝ።