ለሰነድም ለፎቶም የሚሆን የቤት ፕሪንተር በምን ይመዘናል?

ጠያቂዋ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

ለዚህ ማህበረሰብ አባላት በሙሉ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ባለቤቴን ከአዲስ አበባ ለማምጣት የጀመርኩት ጉዳይ ወደ ማለቂያው በመቃረቡ፣ የጋብቻና የልደት ምስክር ወረቀቶችን ከነትርጉማቸው፣ የባንክ ወረቀትና የኪራይ ውል ስካን ለማድረግና ለማተም በሳምንት ሁለት ጊዜ ወደ ኮፒ ቤት እመላለሳለሁ። ባለፈው ሳምንት ብቻ 38 ዶላር ከፍያለሁ። እናቴ ደግሞ የልጄን ፎቶ በስልክ ሳይሆን በወረቀት ታትሞ ግድግዳዋ ላይ ማየት ትፈልጋለች፤ «ስልኩ ሲዘጋ ልጁም አብሮ ይጠፋብኛል» ትለኛለች።

ከሦስት ዓመት በፊት በ60 ዶላር የገዛሁት ፕሪንተር ሁለት ወር ሳልነካው ቆይቼ ብከፍተው ቀለሙ ደርቆ በየመስመሩ ነጭ ሰረዝ እያሳየ ስላስቸገረኝ ጣልኩት። አሁን እንደገና ከመግዛቴ በፊት አንድ ፕሪንተር ጥሩ መሆኑ በምን እንደሚታወቅ ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል፤ ሱቅ ውስጥ ናሙና ተብሎ የሚታየው የአበባና የወፍ ፎቶ በሁሉም ላይ ያምራል። በዚህ ላይ ታናሽ ወንድሜ በወረዳው ጽሕፈት ቤት አጠገብ ፎቶ ኮፒ ቤት ሊከፍት ስላሰበ፣ ፕሪንተር ልገዛ መሆኑን ሲሰማ «ሁለት አድርጊውና አንዱን በሰው ላኪልኝ» ብሎኛል።

የቢሮ መሣሪያ ጠጋኙ፣ ከአሌክሳንድሪያ

እህታችን፣ በዚህ ሥራ 16 ዓመት ስላሳለፍኩ መልሴ ቢረዝም ይቅርታ አድርጊልኝ። የበቀቀንና የአበባ ፎቶ የሚመረጠው ለማማር እንጂ ለመፈተን አይደለም፤ ደማቅ ቀይና ደማቅ አረንጓዴ የማያወጣ ፕሪንተር የለም። እናትሽ ነጠላ ለብሰው የተነሱት ፎቶ ካለሽ ከእሱ የተሻለ መፈተኛ አታገኚም።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ፕሪንተር ነጭ ቀለም የለውም፤ ነጩ ወረቀቱ ራሱ ነው። የነጠላውን እጥፋት የሚያሳየው በጣም ስስ ግራጫ በመርጨት ሲሆን፣ አራት ቀለም ብቻ ያለው ማሽን ይህን ስስ ግራጫ የሚሠራው በአብዛኛው ሌሎቹን ሦስት ቀለሞች በማቀላቀል በመሆኑ፣ ድብልቁ ጥቂት ከተዛባ ነጠላው ወይ ሰማያዊ ሰማያዊ ይላል ወይ ወደ ሮዝ ያደላል። የጠይም ፊት ፈተናም ቀላል አይደለም፤ ብርሃን ያረፈበት ግንባር አሸዋ የተነሰነሰበት መስሎ ነጥብ ነጥብ ሲል፣ ከአገጭ በታች ያለው ጥላ ደግሞ ጭልም ብሎ አንገቱ ከጥላው ሳይለይ ይቀራል። ግራጫ ቀለም ለብቻው የተጨመረላቸው ባለ ስድስት ቀለም ማሽኖች በዚህ ረገድ በግልጽ ይሻላሉ። የታተመውን ፎቶ ግን ወዲያው አትፍረጂበት፤ አንድ ቀን አሳድሪውና በመስኮት ብርሃን ተመልከቺው፣ ቀለሙ እየደረቀ ሲሄድ መልኩ ጥቂት ይለወጣልና።

ለሰነድ የሚያስፈልገው ሌላ ነው። ዳይ የሚባለው ቀለም እንደ ሻይ ውሃው ውስጥ የሟሟ ነው፤ ፒግመንት የሚባለው ግን እንደ ቡና ደቃቅ በፈሳሹ ውስጥ ይንሳፈፋል እንጂ አይሟሟም፣ ውሃው ሲደርቅም ቅንጣቱ ወረቀቱ ላይ ይቀራል። የአባቶቻችን የብራና መጻሕፍት ጥቁር ቀለም ከጥላሸት ስለሚሠራ ለዘመናት ሳይደበዝዝ ኖሯል፤ የፕሪንተሩ ፒግመንት ጥቁርም በመሠረቱ ያው ካርቦን ነው። ችግሩ ይህ ጥቁር በአንጸባራቂ ፎቶ ወረቀት ላይ በደንብ አለመያዙና በጣት ሲነካ መነሳቱ ነው። ስለዚህ ለሁለቱም ሥራ አንድ ማሽን የሚፈልግ ሰው ሁለት ጥቁር ያለውን ቢመርጥ ይሻለዋል፤ ለምሳሌ ኢፕሰን ኢቲ-8500 ለሰነድ ፒግመንት ጥቁር፣ ለፎቶ ደግሞ ሌላ ጥቁርና ግራጫ አለው። ካኖን ጂ620 ባለ ስድስት ቀለም ሆኖ ለፎቶ ቢመችም ስድስቱም ዳይ ናቸው። ማንኛውንም ማሽን ስትፈትኚ አንድ ሰነድ በተራ ወረቀት አትሚና ከደረቀ በኋላ ጫፉ ላይ አንድ ጠብታ ውሃ ጣይበት፤ ዝናብ ያገኘው ፖስታ ውስጥ የሚሆነውን እዚያው ታዪዋለሽ።

አማርኛም አትሚ። በ8 ነጥብ የፊደል መጠን የተጻፈ ገጽ ቀለም በሚቆጥበው የረቂቅ ደረጃ ሲታተም «ሰ»ን ከ«ሸ»፣ «ነ»ን ከ«ኘ»፣ «ተ»ን ከ«ቸ» የምትለየው ቀጭን ሰረዝ ከፊደሉ ጋር ትቀላቀላለች ወይም ትጠፋለች። በላቲን ፊደል ጥርት ብሎ የሚያትም ማሽን በእኛ ፊደል ሲወድቅ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ በልደት ምስክር ወረቀት ላይ አንድ ሰረዝ ማለት ደግሞ የሰው ስም ማለት ነው።

ከሲያትል

ጋሼ ስለ ቀለም የጻፉትን በአክብሮት አንብቤዋለሁ፤ ሆኖም እህታችን የጠየቀችው ኑሮዋን የሚያቀልላትን እንጂ የፎቶ ስቱዲዮ ለመክፈት አይደለም። የባለቤቷ ሰነዶች ወደ ብሔራዊ የቪዛ ማዕከል የሚላኩት በድረ ገጽ ተጭነው ነው፤ ዋናዎቹን ደግሞ ባለቤቷ በቃለ መጠይቁ ዕለት ይዞ ይቀርባል። ስለዚህ የሚያስፈልጋት ጥሩ ስካነር ያለው ባለ ጥቁርና ነጭ ሌዘር ነው። ቶነር የሚባለው የሌዘር ቀለም ዱቄት በመሆኑ ስድስት ወር ቢቀመጥ አይደርቅም፤ ፎቶውን ደግሞ ሱቅ ታሳትመው።

በቀለም ሳጥን ላይ የሚጻፈው የገጽ ብዛትም አያታልላት። ያ ቁጥር አይኤስኦ 24711 በሚባለው መስፈርት የሚለካው የተወሰኑ አምስት ገጾችን ቀለሙ እስኪያልቅ እያከታተሉ በማተም ነው። በወር አሥር ገጽ የሚያትም ቤት ውስጥ ግን ፕሪንተሩ በተከፈተ ቁጥር ራሱን ሲያጥብ ብዙ ቀለም ወደ ቆሻሻ መያዣው ይወርዳል፤ 120 ገጽ የተባለው ካርትሪጅ 60 ላይ ቢያልቅ ሊደንቃት አይገባም።

የቢሮ መሣሪያ ጠጋኙ፣ ከአሌክሳንድሪያ

ወንድሜ፣ ስለ መስፈርቱ ያልከው ትክክል ነው፤ የማልቀበለው መደምደሚያህን ነው። የሚታጠበው ቀለም የሚያከስረው ትንንሽ ካርትሪጅ የገዛውን ሰው ነው፤ በጠርሙስ በሚሞላ ባለ ታንክ ማሽን ግን የሚጠፋው ቀለም ከዋጋው አንጻር እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። የጉርድ ፎቶውንም ነገር ረስተኸዋል። ለአሜሪካ ፓስፖርትና ቪዛ የሚጠየቀው 2 በ2 ኢንች፣ ጀርባው ነጭ የሆነ ፎቶ ሲሆን በትክክለኛ የፎቶ ወረቀት እስከታተመ ድረስ ቤት ውስጥ መሥራት ይፈቀዳል። ከአንድ 4 በ6 ወረቀት ስድስት ጉርድ ፎቶ ይወጣል፤ ሱቅ ግን ለሁለቱ ብቻ ከ15 ዶላር በላይ ይጠይቃል። ሌዘርህ ይህን ይሠራል?

ከሲያትል

ሌዘሬ አይሠራውም፤ ሰውም ጉርድ ፎቶ በየሳምንቱ አይነሳም።

ከዱባይ

እኔ የምኖረው ከሦስት እህቶች ጋር በአንድ ክፍል ስለሆነ ፕሪንተር የማስቀምጥበት ቦታ እንኳ የለኝም፤ ስለ ፎቶው ግን አንድ ነገር ልበል። አባቴ ሲያርፍ ፈቃድ አጥቼ መሄድ አልቻልኩም። ለሙት ዓመቱ ቤተሰቦቼ ጋር እንዲቀመጥ ብዬ እህቴ በቴሌግራም የላከችልኝን ፎቶ እዚህ ትልቅ አድርጌ ባሳትመው ፊቱ ተዥጎርጉሮ ወጣ፤ ጥፋቱ የፕሪንተሩ መስሎኝ ለሁለተኛ ጊዜ ሌላ ቦታ ከፍዬ አሳተምኩ፣ ያው ሆነ። በኋላ እንደተነገረኝ ቴሌግራም ፎቶውን አሳንሶ ነው የሚልከው፤ «እንደ ፋይል» ተብሎ ሲላክ ግን ሳይነካው ያደርሰዋል። 4 በ6 ኢንች ፎቶ ጥርት ብሎ እንዲታተም 1200 በ1800 ያህል ነጥብ ይፈልጋልና እህታችን ማሽኑን ከመውቀስሽ በፊት የፎቶሽን መጠን ተመልከቺ።

በመጨረሻ ያገኘነው የአባቴ ጥሩ ፎቶ ከድሮ መታወቂያው የተላቀቀ 3 በ4 ሳንቲም ጉርድ ፎቶ ነበር። በኢንች 1200 ነጥብ ስካን ሲደረግ 1400 በ1900 ያህል ነጥብ ስለወጣው አድጎ ታተመ፤ የማኅተሙ ጫፍ ትከሻው ላይ አርፏል፣ እንዳያጠፉት ነግሬያቸው እንዳለ ተውት። ስለዚህ እኔ ብሆን የምጠይቀው ስካነሩ እንዴት ነው ብዬ ነው።

ከፍራንክፈርት

የዱባይዋ እህቴ፣ ነፍስ ይማር። ጀርመን አገር ከግንቦት 2025 መጀመሪያ አንስቶ ለፓስፖርትና ለመኖሪያ ፈቃድ የሚቀበሉት ዲጂታል ፎቶ ብቻ ስለሆነ በቤት የታተመ ጉርድ ፎቶ እኛ ዘንድ ዋጋ የለውም፤ ጋሼ ያሉት ለአሜሪካ ነዋሪ እንጂ ለሁላችን አይሠራም።

ከአገር ቤት በሚመጣ ሰነድ ላይ ግን አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ኢትዮጵያም አውሮፓም የሚጠቀሙት ኤ4 ወረቀት ቁመቱ 297 ሚሊ ሜትር ሲሆን የአሜሪካው ሌተር 279 ብቻ ነው። እኅቴ አሜሪካ ውስጥ የውክልና ረቂቅ ስታሳትም የመጨረሻው መስመርና የፊርማው ቦታ ተቆርጦ ወጥቶ፣ ይህን ሳታይ ቀጠሮዋ ላይ ቀርባ ተመልሳለች፤ «ወደ ወረቀቱ ልክ አሳንስ» የሚለውን መምረጥ በቂ ነበር። በድሮው ፓወር ግዕዝ የተተየበ ጽሑፍም ፊደሉ በሌለበት ኮምፒዩተር ሲከፈት ትርጉም የለሽ የላቲን ምልክት ይሆናልና ላኪው ፒዲኤፍ አድርጎ እንዲልክ ጠይቁ።

ደርቆ ስለተጣለው ፕሪንተር ደግሞ ይህን አስቡበት፤ ኢንክጄትን፣ ማለትም ፈሳሽ ቀለም የሚረጨውን ፕሪንተር፣ የሚገድለው ሥራ ሳይሆን ሥራ ማጣት ነው። በሳምንት አንድ ባለ ቀለም ገጽ ካወጣ ይኖራል። እኛ አምስት የእቁብ ጓደኛሞች አንድ ባለ ታንክ ገዝተን አንዷ ቤት አስቀምጠነዋል፤ ወረቀቱን እያንዳንዳችን ይዘን እንሄዳለን፣ ቡናውም እዚያው ይፈላል፣ ማሽኑም አንድ ሳምንት ሳይሠራ አድሮ አያውቅም።

ጠያቂዋ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የእቁቡ ሐሳብ በጣም ማርኮኛል። ለወንድሜ ምን ልበለው? በየቀኑ ይደውላል።

የቢሮ መሣሪያ ጠጋኙ፣ ከአሌክሳንድሪያ

አትላኪለት። የኃይሉ ነገር እንኳ በብዙዎቹ ኢንክጄቶች ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት ተብሎ ስለሚጻፍ ከ220ው ጋር ይስማማል፤ ዋናው ችግር ቀለሙ ነው። ብዙ አምራቾች ቀለማቸውን በአህጉር ስለሚከፋፍሉ አሜሪካ የተገዛ ማሽን አዲስ አበባ የሚሸጠውን ካርትሪጅ አልቀበልም ሊል ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ቀለም በሻንጣ ስታመላልሺ ልትኖሪ ነው። ቀለም የተሞላ ባለ ታንክ ማሽን ደግሞ በጉዞ ላይ ከተጋደመ ይፈሳል፤ የሰው ሻንጣ ሙሉ ነጭ ቀሚስ አበላሽቶ የደረሰ አውቃለሁ። ወረዳ ደጃፍ የሚከፈት ኮፒ ቤት ዋና ሥራው የጥቁርና ነጭ ኮፒ በመሆኑ የሚያዋጣውም ሌዘር ነው።

ከሲያትል

ጋሼ፣ ለእህታችን ሌዘር ስል ተቃውመው ለወንድሟ ሲሆን ሌዘር አሉ።

የቢሮ መሣሪያ ጠጋኙ፣ ከአሌክሳንድሪያ

እሷ ፎቶ ታትማለች፣ እሱ በቀን 300 ኮፒ ያወጣል። ልዩነቱ ይህ ነው፤ ጽሑፌን አንብበህ ቢሆን ኖሮ አይጠፋህም ነበር።

ከዱባይ

አትጣሉ እንጂ። እዚያው አዲስ አበባ የኢፕሰን ኤል የሚባሉት ባለ ታንክ ፕሪንተሮችም ኮፒ ማሽኑም ይሸጣሉ፤ ገንዘቡን ይላኩለትና ራሱ አይቶ ይግዛ፣ ቢበላሽም የሚጠግነው ሰው በአቅራቢያው አለ።

ከሲያትል

ገንዘብ ከተላከ ፕሪንተር ለመገዛቱ ማን ዋስ ይሆናል? ለወንድሜ የላክሁት የሱቅ መክፈቻ ገንዘብ የሠርግ ድንኳን ሆኖ ቀርቶብኛል፤ ዕቃ ቢላክ ቢያንስ ዕቃ ሆኖ ይደርሳል።

የቢሮ መሣሪያ ጠጋኙ፣ ከአሌክሳንድሪያ

ቀለም የማያገኝ ዕቃ ሆኖ ይደርሳላ! በወንድምህ የደረሰብህን በሰው ወንድም አትወጣው። እሷ ገና ምንም ሳትልክ ወንድሟን ሌባ አደረግኸው።

ከሲያትል

ሌባ የሚል ቃል አልጻፍኩም፤ ከጻፍኩ ያሳዩኝ።

ጠያቂዋ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

ትናንት ማታ ባለ ታንክ ፕሪንተር ያላት የእቁብ ጓደኛዬ ቤት ሄጄ የተባለውን ፈተና አደረግሁ። ማሽኑ ባለ አራት ቀለም ነው። የእናቴ ፊት ከጠበቅሁት በላይ አምሮ ወጥቷል፣ ነጠላዋ ግን ጋሼ እንዳሉት ሰማያዊ ሰማያዊ ይላል፤ የወረቀቱን ዓይነት ከ«ተራ» ወደ «አንጸባራቂ ፎቶ» ቀይረን ብናትመው ተሻሻለ፣ ሙሉ በሙሉ ግን አልጠፋም። የጋብቻ ምስክር ወረቀቱን ቅጂ በተራ ወረቀት አትመን ውሃ ጣልንበት። ጥቁሩ ጽሑፍ ምንም አልሆነም፤ ሐምራዊው ማኅተም ግን ተሰራጭቶ የከተማው ስም አይነበብም።

ከፍራንክፈርት

ጽሑፉ ፒግመንት፣ ማኅተሙ ዳይ ነው ማለት ነው። ፊደሉስ? ሰረዞቹ ታዩ?

ጠያቂዋ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

በረቂቅ ደረጃ «ሸ» «ሰ» መስላለች፤ በመደበኛው ተስተካክላለች። የባለቤቴ ቃለ መጠይቅ የፊታችን ሳምንት ስለሆነ ለዚህ ዙር ኮፒ ቤት እሄዳለሁ፤ የማኅተሙን ቅጂ ፕላስቲክ ውስጥ እከተዋለሁ። የትኛውን ማሽን እንደምገዛ ከጓደኞቼ ጋር እሑድ እንነጋገራለን። ወንድሜ አሁንም እየደወለ ነው።