የኮርኒሱ ጠርዝ ያረጀ ነሐስ እንዲመስል ፈልጌ ነበር

እህት ከአያት፦
ሰላም እንዴት ናችሁ። ሳሎናችን ጂፕሰም ኮርኒስ ተሠርቶለታል፤ ጠርዙ ዙሪያውን ቅጠልና አበባ አለው። እኔ የፈለግኩት ያረጀ ነሐስ የሚመስል ነገር ነበር። ቀቢው ወርቃማ ቀለም ሁለት ጊዜ ደርቦበት ሄደ። አሁን በጣም ያብለጨልጫል፣ ቀና ባልኩ ቁጥር ያናድደኛል። ላስፍቀው ወይስ ከላዩ መሥራት ይቻላል? ቀለሙ በውሃ የሚቀጥን ነው።

የቀለም ሰው፦
እህቴ፣ እንዳታስፍቂው! ጂፕሰም ለስላሳ ስለሆነ ቅጠሉም አብሮ ይሄዳል። ያረጀ መልክ የሚመጣው ከወርቁ ሳይሆን ጉድጓዱ ውስጥ ከሚቀረው ጥቁረት ነው። ቄስ የሚያሳልሙበትን የቆየ የነሐስ መስቀል አስቢው፤ ከንፈርና እጅ የሚነካው ቦታ ያበራል፣ ስርጉዱ ግን ጠቁሯል። እኛም የምናስመስለው ያንን ነው።
መጀመሪያ የማያበራ የውሃ ቫርኒሽ ስስ አድርገሽ ቀቢና አሳድሪው፣ አለዚያ ስትጠርጊ ወርቁም ይነሳል። ከዚያ ጥቁር ቡናማ ፕላስቲክ ቀለም፣ አንድ እጅ ቀለም በሦስት እጅ ውሃ በጥብጠሽ በብሩሽ ጉድጓዱ ውስጥ አስገቢ። በአንድ ጊዜ ከአንድ ክንድ በላይ አትሂጂ፣ ቶሎ ይደርቃል። ወዲያው አሮጌ ቲሸርት ጣትሽ ላይ ጠቅልለሽ፣ ትንሽ አርጥበሽ ጉብ ጉብ ያለውን ብቻ ጥረጊ። መሰላሉ ላይ ሆነሽ ብዙ የጠረግሽ አይመስልሽም፣ ወርደሽ ከታች ስታዪው ግን በቂ ይሆናል።

ጂፕሰም ሠሪ፦
የቀለም ሰው ያለው ልክ ነው፣ ግን አንድ ነገር ልጨምር። ቀለሙ ወፍሮ የቅጠሉን ጅማት ደፍኖት ከሆነ ጥቁረቱ የሚያርፍበት ጉድጓድ የለም። ማታ መብራት አጥፍተሽ የስልክሽን ባትሪ ከጎን አብሪበት። ጥላ ካልጣለ ተደፍኗል ማለት ነው። ያኔ እኔ ብሆን ሙሉውን ጥቁር ቡናማ ቀብቼ፣ ሲደርቅ በደረቅ ብሩሽ ወርቁን ጫፍ ጫፉ ላይ ብቻ አስነካለሁ። ብሩሹን ካርቶን ላይ ጠርጊው፤ ካርቶኑ ላይ ምንም የማይታይ እስኪመስል ድረስ። ብዙ ሰው የሚያበላሸው እዚህ ጋ ነው፣ ብሩሹ ገና እርጥብ እያለ ይነካዋል።
ደግሞ ወርቁ ዱቄቱ ከቫርኒሽ ጋር የሚበጠበጠው ዓይነት እንዳይሆን ጣሳውን እዪ። እሱ የእውነት የነሐስ ብናኝ ከሆነ ከላዩ ካልተሸፈነ በራሱ ጊዜ ይጠቁራል፣ ያውም ዥጉርጉር ሆኖ።

እህት ከአያት፦
በጣም አመሰግናለሁ ወንድሞቼ። በባትሪ አየሁት፣ አበባው ደህና ነው፣ ቅጠሉ ግን እውነትም ተደፍኗል። ከሥራው የተረፈ የክንድ ያህል ቁራጭ ጓዳ ውስጥ አገኘሁ። ሁለቱንም መንገድ እሱ ላይ ሞክሬ፣ ከደረቀ በኋላ እላይ አስጠግቼ አየዋለሁ።

የቀለም ሰው፦
ጎበዝ። በቀንም በአምፖልም እዪው፣ በቢጫ መብራት ወርቁ ይጨምራል።